«ስም ከመቃብር በላይ ይውላል»፦ የአባባሉ ትርጉምና የሜክል ቤተሰብ

ለቅሶ ቤት ሽማግሌው ሟቹን ሲያመሰግኑ ይሉታል። አባት ልጁ ሰው በድሎ ወይም አደራ በልቶ ሲመጣ ሊገሥጸው ይለዋል። ሰውዬው አፈር ይሆናል፣ ቤቱና ከብቱ ለወራሽ ይከፋፈላል፣ በሕይወቱ የሠራው ግን በስሙ እየተጠራ ይኖራል ነው ነገሩ። አንዳንዱ «ስም ከመቃብር በላይ ነው» ብሎ ያሳጥረዋል። መልካም ለሠራ ማጽናኛ፣ ክፉ ለሚያስብ ማስፈራሪያ ነው። ብዙ ጊዜ የምንሰማው የመጀመሪያውን ስለሆነ ሁለተኛውን እንዘነጋዋለን እንጂ አባባሉ ሁለቱንም እኩል ይሸከማል።

የሕዝብ ሥነ ቃል ስለሆነ ይህ ሰው ተናገረው የሚባልለት የለም። ያሳደገው ልማድ ግን ዛሬም አብሮን አለ። በቤተ ክርስቲያን ለሙታን ሲጸለይ ሟቹ በክርስትና ስሙ ይጠራል፤ በአርባው ቀን ተዝካሩ ሲወጣ ስሙ ይነሣል፤ የሚወዱት ልጅ «ስም አስጠሪ» ይባላል። መጽሐፈ ምሳሌም በ22ኛው ምዕራፍ መልካም ስም ከብዙ ባለጠግነት እንደሚሻል ይናገራል። እንዲህ ባለ አገር ውስጥ ስም ከባለቤቱ ዕድሜ በላይ እንደሚኖር ማመን የሚያስደንቅ አይደለም።

አባባሉ ምን ያህል እውነት እንደሆነ የሚታይበት አንድ ቦታ የሕክምና ትምህርት ነው። የበሽታው፣ የአጥንቱ፣ የነርቩ ስም ብዙ ጊዜ የሰው ስም ነው። ከእነዚህ ስሞች ሁሉ እኔን የሚስበኝ የአንድ ጀርመናዊ ቤተሰብ ስም ነው፦ ሜክል። የእኛ ሐኪሞች በእንግሊዝኛ ስለሚማሩ አዲስ አበባም ሆነ ጎንደር ያለ የሕክምና ተማሪ «ሜክልስ» ሲባል ወዲያው ይገባዋል። ማን እንደነበረ ቢጠየቅ ግን መመለሱን እጠራጠራለሁ። ቢመልስም ደግሞ «የትኛው ሜክል?» የሚል ጥያቄ ይከተላል።

እኛ ዘንድ የአባት ስም ከልጁ ስም ቀጥሎ ይመጣል፣ የአያት ስም መታወቂያ ላይ ሦስተኛ ሆኖ ይጻፋል፣ በሚቀጥለው ትውልድ ደግሞ ይቀራል። ለጋብቻ እስከ ሰባት ቤት እንቆጥራለን እንጂ የሰባተኛውን አያት ስም ይዘን አንዞርም። ጀርመኖች የቤተሰቡን ስም ከአባት ወደ ልጅ ሳይለውጡ ያወርሳሉ። ስለዚህ በአንድ ስም አራት ትውልድ ሐኪሞች ከአንድ ቤት ሲወጡ ስሙ ከመቃብር በላይ ይውላል፤ ከየትኛው መቃብር በላይ እንደሆነ ግን መለየት ያስፈልጋል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አያትየው ዮሐን ፍሪድሪክ ሜክል በ1724 ቬጽላር በምትባል ከተማ ተወለደ። በጎቲንገን ዩኒቨርሲቲ የታላቁ የአናቶሚና የፊዚዮሎጂ ሊቅ የአልብረኽት ፎን ሃለር ተማሪ ነበር። በ1748 ያቀረበው የመመረቂያ ጽሑፍ ስለ አንድ ነርቭ ብቻ ነው፤ ከአንጎል ከሚወጡት ነርቮች አምስተኛው፣ የፊትን ስሜት የሚያደርሰው። ይህ ነርቭ በራስ ቅሉ ወለል ላይ ከሦስት ከመከፈሉ በፊት የሚያርፍባትን ትንሽ ጓዳ ገለጸ፤ ጓዳዋ ዛሬም «የሜክል ዋሻ» ትባላለች። ከአፍንጫ ጀርባ ጠለቅ ብሎ የሚገኝ አንድ የነርቭ ቋጠሮም በስሙ ይጠራል። ሰው ፊቱን በነካው ቁጥር እንደ ኤሌክትሪክ የሚነዝር ከባድ የፊት ነርቭ ሕመም ሲይዘውና መድኃኒት ሲያቅተው፣ አንዳንድ ሐኪሞች በጉንጩ በኩል ረጅም መርፌ አስገብተው የሚደርሱት እዚያችው ዋሻ ውስጥ ነው። በ1774 በርሊን የሞተ ሰው ስም በቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ የመንገድ ምልክት ሆኖ ያገለግላል።

ልጁ ፊሊፕ ፍሪድሪክ ቴዎዶር በ1755 ተወልዶ በ1777 በሃለ ከተማ የአናቶሚ፣ የቀዶ ሕክምናና የማዋለድ ሕክምና ፕሮፌሰር ሆነ። አባቱ የጀመረውን የአጥንት፣ የፅንስና የአካል ክፍሎች ስብስብ አሳደገው። አስተማሪነቱም አዋላጅነቱም የታወቀ ነበር፤ በስሙ የሚጠራ ዝነኛ የሕክምና ቃል ግን የለም። እንዲያም ሆኖ አባባሉን ቃል በቃል የፈጸመው እሱ ነው። በ1803 ከመሞቱ በፊት አስከሬኑ እንዲከፈትና አጽሙ ከስብስቡ ጋር እንዲቀመጥ ተናዘዘ። እንደ ቃሉም ተደረገ። አጽሙ ዛሬም ሃለ በሚገኘው የዩኒቨርሲቲው የአናቶሚ ተቋም፣ ቤተሰቡ ባጠራቀማቸው ናሙናዎች መካከል ቆሟል። የሌሎችን አስከሬን ዕድሜ ልኩን ለትምህርት ያዋለ ሰው የራሱን አለመንፈጉ ትልቅ ነገር ነው። እኛ አገር ቀብር ምን ያህል ክብር እንዳለው ስለማውቅ አንባቢን ሊያስደነግጥ እንደሚችል ይገባኛል፤ በእኔ እምነት ግን ይህ ኑዛዜ የመምህር ኑዛዜ ነው።

ብዙው ሰው «ሜክል» ሲል ሳያውቀው የሚጠራው የፊሊፕን ልጅ ነው። እሱም የአያቱን ስም ሙሉ በሙሉ ወርሶ ዮሐን ፍሪድሪክ ይባላል፤ መጻሕፍት ለመለየት «ታናሹ» ይሉታል። በ1781 ሃለ ተወለደ፣ በ1802 ስለ ልብ የአፈጣጠር ችግሮች ጽፎ ተመረቀ፣ ከዚያም ፓሪስ ሄዶ ከታዋቂው የእንስሳት አናቶሚ ሊቅ ከኩቪዬ ጋር ሠራ። በኋላ «ጀርመናዊው ኩቪዬ» እስከ መባል ደርሷል። በ1806 ወደ አገሩ ሲመለስ ሃለ በናፖሊዮን ጦር ተይዛ፣ ዩኒቨርሲቲውም ተዘግቶ ነበር። ዩኒቨርሲቲው በ1808 ሲከፈት የአባቱን ወንበር ያዘ።

በቀጣዩ ዓመት በ1809 ስሙን ያስጠራለትን ጽሑፍ አወጣ። ነገሩ እንዲህ ነው። ፅንስ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ውስጥ አንጀቱ ከአስኳል ከረጢቱ ጋር በቀጭን ቱቦ ይያያዛል። እትብትና እንግዴ ልጅ ሥራቸውን ሲይዙ ቱቦው አያስፈልግም፤ ሰባተኛው ሳምንት አካባቢ ጠፍቶ ያልቃል። አንዳንድ ጊዜ ግን በአንጀቱ በኩል ያለው ጫፍ ሳይጠፋ ይቀርና በትንሹ አንጀት ላይ እንደ ጣት የወጣች ከረጢት ሆና ትኖራለች። ከረጢቷን ከሜክል በፊት ያዩ ነበሩ። ፋብሪሲየስ ሂልዳኑስ የተባለው ጀርመናዊ የቀዶ ሕክምና ሰው በ1598 ጠቅሷታል። ሜክል ያደረገው ከየት እንደመጣች ማስረዳት ነው፤ በሽታ ወይም በኋላ የተፈጠረ ጉዳት ሳትሆን ከፅንስነት የቀረች ቁራጭ መሆኗን አሳየ። ስሙ ቀድሞ ላየው ሳይሆን ምክንያቱን ላገኘው ተሰጠ። ይህ ፍርድ ትክክል ይመስለኛል።

ዛሬ ተማሪዎች የሚይዙት «የሁለት ሕግ» ብለው ነው። ከመቶ ሰው ሁለቱ ጋ ትገኛለች፤ ትንሹ አንጀት ከትልቁ ከሚገናኝበት ቦታ ሁለት ጫማ ያህል፣ ማለትም ወደ 60 ሴንቲ ሜትር ርቃ ትቀመጣለች፤ ርዝመቷ ሁለት ኢንች፣ ወደ 5 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ችግር ካስከተለች ብዙ ጊዜ ሁለት ዓመት ሳይሞላ ነው። ቁጥሮቹ ለማስታወሻ የተሰካኩ ግምቶች ናቸው፣ ሰው ሁሉ በዚያ ልክ አልተሠራም። አብዛኛው ባለቤቷም ሳያውቃት ኖሮ ያልፋል።

ችግሩ የሚመጣው ከረጢቷ ውስጥ የጨጓራ ሽፋን ሲበቅል ነው። ይህ ሽፋን ባለበት ሁሉ አሲድ ያመነጫል፤ አንጀት ደግሞ አሲድ አይችልም። አጠገቡ ያለው ግድግዳ ይቆስልና ይደማል። ሕፃኑ ሆዴን ሳይል፣ ሳያለቅስ፣ ሰገራው ላይ ብዙ ጥቁር ቀይ ደም ይታያል። ወላጅ እንዲህ ያለ ነገር ካየ ሳይውል ሳያድር ሐኪም ቤት መውሰድ አለበት፤ ሕፃኑ አላመመውም ማለት ደሙ አያሰጋም ማለት አይደለም። ሐኪሞች የጨጓራ ሽፋን የሚስበው ቴክኒሺየም የተባለ ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር በደም ሥር ሰጥተው በልዩ ካሜራ ያያሉ፤ ምርመራውም «ሜክል ስካን» ይባላል። ከረጢቷ ስትቆጣ ደግሞ ሕመሙ ከትርፍ አንጀት ጋር ይመሳሰላል። ሐኪሙ ትርፍ አንጀት ነው ብሎ ከፍቶ ትርፍ አንጀቱን ደህና ሆኖ ካገኘው፣ ትንሹን አንጀት እየመዘዘ ሜክልን ይፈልጋል። በዚያች ቅጽበት የሰውዬው ስም በሕይወት ያለ ሰው ሥራ መሥሪያ ነው።

ታናሹ ሜክል በዚህ አላበቃም። በ1820 የገለጸው ለስላሳ አጥንት «የሜክል ካርቲሌጅ» ይባላል፤ የታችኛው መንጋጋ በፅንስ ውስጥ የሚሠራው በዚህ ዘንግ ዙሪያ ነው። የኋላ ጫፉ ደግሞ በመሐል ጆሮ ካሉት ሦስት ደቃቅ አጥንቶች ሁለቱን ይሰጣል። የምናኝክበትና የምንሰማበት አጥንት ከአንድ ሥር መብቀሉ ሁልጊዜ ይገርመኛል። በ1822 ደግሞ የአንድ እናት ልጆች የሆኑ ሁለት ጨቅላዎችን ገለጸ፤ የአንጎላቸው ክፍል በራስ ቅላቸው ጀርባ ወደ ውጭ ወጥቷል፣ ኩላሊታቸው በውኃ ቋጠሮ ተሞልቷል፣ ትርፍ ጣቶችም አሏቸው። በ1934 ጆርጅ ግሩበር የተባለ ሐኪም ይህንኑ አጥንቶ ጻፈበት፣ ችግሩም «ሜክል ግሩበር ሲንድረም» ተባለ። በዘር የሚወረስ ሲሆን፣ ልጁ የሚታመመው ጉድለቱን ከእናትም ከአባትም ሲወስድ ነው። ሕፃናቱ አይቆዩም። ዘመዱ ሁሉ እርግማን ሊለው ይችል የነበረውን ነገር ሜክል አንድ ሥርዓት ያለው የአፈጣጠር መዛባት አድርጎ ማየቱ ለእናቶችም ውለታ ነው።

ታናሹ በ1833 ሞተ። ሚስቱ ስብስቡን በ1836 ለፕሩሲያ መንግሥት ሸጠች፣ ስብስቡም እዚያው ሃለ ቀረ። እሷ ለማንም ሸጣ በትናው ቢሆን የአማትዋ አጽምም፣ የባሏ ማስረጃዎችም በየቦታው በጠፉ ነበር። ስም አስጠሪ ልጅ ብቻ አይደለም፣ ሚስትም ናት።

የአባባሉን ማስፈራሪያነት ማየት ለሚፈልግ ደግሞ ሌላ ጀርመናዊ ስም አለ። ሃንስ ራይተር በ1916 መገጣጠሚያን፣ ዓይንንና የሽንት ቧንቧን በአንድነት የሚያጠቃ በሽታ ገለጸ፣ በሽታውም ለብዙ ዓመታት በስሙ ተጠራ። ሰውዬው ኋላ የናዚ ፓርቲ አባልና የአገዛዙ ከፍተኛ የጤና ባለሥልጣን ሆነ፤ ስሙ በእስረኞች ላይ ከተካሄዱ ሙከራዎች ጋር በመያያዙ ሐኪሞች ራሳቸው ስሙን ከበሽታው ላይ አወረዱት። ዛሬ «ሪአክቲቭ አርትራይተስ» ነው የሚባለው። እሱም ቢሆን ስሙ ከመቃብር በላይ ውሏል፤ የሚነሣው ግን ለምን እንደተፋቀ ለማስረዳት ነው።

ወደ ሜክሎች ስመለስ አራተኛው ትውልድ ይቀራል። የታናሹ ወንድም አውጉስት አልብረኽትም ሐኪም ነበር፤ ልጁ ዮሐን ሃይንሪክ ሜክል በ1821 ተወልዶ በርሊን የፓቶሎጂ፣ ማለትም የበሽታ ጥናት፣ ሊቅ ሆነ። በ1847 የሞተ የአእምሮ ሕመምተኛ ደምና ጣፊያ በማይክሮስኮፕ ሲያይ ጥቁር ቡናማ ቅንጣቶች አገኘ። ምን እንደሆኑ የሚያውቅ አልነበረም። በ1856 ገና 35 ዓመት ሳይሞላው ሞተ፣ ቦታውንም ታዋቂው የፓቶሎጂ ሊቅ ሩዶልፍ ፊርኾ ያዘው። እነዚያ ቅንጣቶች የወባ ተውሳክ የሰውን ቀይ ደም በልቶ የሚተወው ዝቃጭ ናቸው። ፈረንሳዊው ሐኪም ላቨራን በ1880 አልጄሪያ ውስጥ ኮንስታንቲን ከተማ የእነዚህን ቅንጣቶች ምንጭ ሲከታተል ነው ሕይወት ያለውን የወባ ተውሳክ ያየው፤ በ1907 የኖቤል ሽልማት ተሰጠው።

የቅንጣቶቹ ስም ሄሞዞይን ነው፤ ሜክል የሚል የለበትም። የቅድመ አያቱ ስም በዋሻ፣ የአጎቱ ስም በአንጀትና በመንጋጋ ላይ ሲቆይ፣ በዓለም ላይ እጅግ ብዙ ሰው ከሚያጠቁ በሽታዎች ወደ አንዱ የሚያደርሰውን መንገድ መጀመሪያ ያየው ሰው ስም አልተተከለለትም። ለዚህ ነው አባባሉን ለሠራ ሁሉ የተሰጠ ዋስትና አድርጌ የማልወስደው። ጋምቤላም ሆነ አርባ ምንጭ የወባ ደም ናሙና የሚያይ የላቦራቶሪ ባለሙያ እነዚያኑ ጥቁር ቡናማ ቅንጣቶች ያያቸዋል፤ ምርመራውንም ያግዙታል።