የመድፍ ጥይት ረሃብ ምንድን ነው?

የመድፍ ጥይት ረሃብ የሚባለው፣ በግንባር የተሰለፈ ጦር መድፉም ተኳሹም ዒላማውም እያለው የሚተኩሰውን ጥይት ሲያጣ፣ ወይም ጥይቱ በቀን እየተቆጠረ ሲሰፈርለት የሚገባበት ሁኔታ ነው። ጦሩ ገና አልተሸነፈም፤ ምሽጉም አልተሰበረም፤ ነገር ግን ጠላት ከፊቱ ሲሰባሰብ እያየ ዝም ለማለት ይገደዳል፤ ዝምታውም ጠላት ጋ ወዲያው ይሰማል። በዩክሬን ጦርነት የውጭ ወታደራዊ እርዳታ ምን እንደሠራና የት ላይ እንዳልደረሰ ለመረዳት የሚፈልግ ሰው ከታንክና ከተዋጊ አውሮፕላን ዜና በፊት ይህን ሁኔታ ማወቅ ይጠቅመዋል ብዬ አምናለሁ።

በጅማ፣ በሄርማታ መርካቶ ዙሪያ ባሉ ቡና ቤቶች የዚህ ጦርነት ወሬ ሲነሣ አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ይሰማል፦ «አሜሪካ ብቻ 61 ቢሊዮን ዶላር ሰጠች ተብሎ ነበር፤ ታዲያ ዩክሬኖች ለምን ያፈገፍጋሉ?» ጥያቄው ተገቢ ነው። ዜናው የሚነግረን የተፈቀደውን ገንዘብ ነው፤ ግንባር ላይ ያለው ወታደር የሚጠይቀው ግን ዛሬ ማታ ስንት ጥይት እንደሚመጣለት ነው። የቡና ዋጋ በዓለም ገበያ ጨመረ መባሉና ገንዘቡ ሊሙ ወይም ጎማ ያለ ገበሬ እጅ መግባቱ የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ለጅማ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም፤ በእርዳታ ውሳኔና በመድፍ ጥይት መካከል ያለው ርቀትም ከዚህ የሚተናነስ አይደለም።

ሩሲያ እ.ኤ.አ. የካቲት 24 ቀን 2022፣ በእኛ አቆጣጠር የካቲት 17 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ ሙሉ ወረራ ከጀመረች በኋላ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጦርነት በፈጣን የብረት ለበስ ግስጋሴና በደፈጣ የተሞላ ነበር። ሩሲያ ከኪየቭ ዙሪያ አፈግፍጋ ኃይሏን በምሥራቅ ዩክሬን ወዳለው ዶንባስ ስታዞር ግን ውጊያው ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ በሚረዝም ግንባር ላይ ወደ ምሽግና ወደ መድፍ ጦርነት ተለወጠ። በእንዲህ ያለ ግንባር መድፍ ሦስት ሥራ አለው፤ የሚያጠቃውን እግረኛ ገና ከመነሻው ይበትናል፣ የጠላትን መድፍ ፈልጎ ዝም ያሰኛል፣ የራሱን እግረኛ ደግሞ ቦታ ሲቀይር ወይም ቁስለኛ ሲያወጣ ይሸፍናል። ጥይት ሲያንስ እነዚህ ሥራዎች ይቀራሉ ማለት አይደለም፤ ወደ እግረኛው ይተላለፋሉ። ቀድሞ በብረት ይሠራ የነበረውን ሰው በሰውነቱ እንዲሠራው ይደረጋል፤ ስለዚህም የጥይት እጥረት ከሁሉ በፊት የሚታየው በሙታንና በቁስለኞች ቁጥር ላይ ነው።

ነገሩ በዚህ ጦርነት የተጀመረ አይደለም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት አገሮቹ ሁሉ ውጊያው በወራት ውስጥ ያልቃል ብለው የገቡበት ስለነበር፣ ያከማቹት ጥይት የመጀመሪያውን የአውሮፓ ብርድ ወቅት እንኳ በአግባቡ አላሻገራቸውም። ብሪታንያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በግንቦት 1915 የጥይት እጥረቱ ጋዜጣ ላይ ሲወጣ የሊበራሎቹ መንግሥት ወድቆ ጥምር መንግሥት ቆመ፤ በሎይድ ጆርጅ የሚመራ የጦር መሣሪያ ማምረቻ ሚኒስቴርም ተቋቋመ። በሚቀጥለው ዓመት በሶም ውጊያ መክፈቻ እንግሊዞች በአንድ ሳምንት ውስጥ ከ1.5 ሚሊዮን በላይ ጥይት ተኮሱ፤ በጥድፊያ ከተመረቱት ብዙዎቹ ግን ሳይፈነዱ መሬት ውስጥ ቀሩ። ፋብሪካ በሩጫ ሊከፈት ይችላል፤ ጥራት ግን በሩጫ አይመጣም።

ወደ ዩክሬን ስንመለስ፣ ረሃቡ የጀመረው ብዙ ሰው እንደሚያስበው በ2024 ሳይሆን በመጀመሪያው ዓመት፣ በ2022 አጋማሽ ላይ ነው። የዩክሬን ጦር መድፎች በአብዛኛው ከሶቪየት ዘመን የተወረሱ፣ የአፈሙዛቸው ስፋት 152 እና 122 ሚሊሜትር የሆኑ ነበሩ። ለእነዚህ የሚሆን ጥይት በብዛት የሚያመርተው ጠላት የሆነው አገር ራሱ ነው፤ የቀሩት የምሥራቅ አውሮፓ መጋዘኖችም ቶሎ ተሟጠጡ። ስለዚህ ጦሩ እየተዋጋ መድፉን ወደ ምዕራባውያኑ 155 ሚሊሜትር መለወጥ ነበረበት። ሥራው አዲስ መድፍ በመቀበል አያልቅም፤ ተኳሹ እንደገና ይሠለጥናል፣ ከአሜሪካ፣ ከጀርመን፣ ከፈረንሳይና ከፖላንድ የመጡት መድፎች የየራሳቸው መለዋወጫና ጥገና ይፈልጋሉ፣ ብዙ የተተኮሰበት አፈሙዝም እያለቀ መቀየር አለበት።

የእኛ አገር የጦር ታሪክ ይህን ችግር ያውቀዋል። በ1969 እና 1970 ዓ.ም. በሶማሊያ ወረራ ጊዜ የኢትዮጵያ ሠራዊት ከ1953 እ.ኤ.አ. ስምምነት ጀምሮ በአሜሪካ መሣሪያ ሲታጠቅ የኖረ ነበር፤ ደርግ ከዋሽንግተን ጋር ሲቆራረጥ የመለዋወጫና የጥይት ምንጩ ደረቀ። እ.ኤ.አ. ከኅዳር 1977 ጀምሮ በአየርና በባሕር የጎረፈው የሶቪየት መሣሪያና ከ10 ሺህ የሚበልጠው የኩባ ጦር ሚዛኑን ገለበጠው፤ ጅጅጋም እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1978 ተመለሰች። በዚያው ወር፣ በኅዳር 1977፣ ሶማሊያ የሶቪየት አማካሪዎችን አባርራ ስለነበር አንዱ ወገን የጠገበበት ጊዜ ሌላው የተራበበት ጊዜ ሆነ። ያን ጦርነት በጀግንነት ብቻ የሚተርኩ ሰዎች የአውሮፕላኖቹን ምልልስ በአንድ ዓረፍተ ነገር ማለፋቸው ሁልጊዜ ይገርመኛል።

ገንዘብ ካለ ጥይት ለምን አይኖርም? አንድ የ155 ሚሊሜትር ጥይት ከ40 ኪሎ ግራም በላይ ይመዝናል። አካሉ ከብረት በከፍተኛ ሙቀት ተቀጥቅጦ ይወጣል፣ በፈንጂ ይሞላል፣ የሚያፈነዳው ቀስቃሽ ይገጠምለታል፤ ወደ ፊት የሚወረውረው ባሩድ ደግሞ ለብቻው ይመረታል። ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ የቀረው ብረት ብቻ ነው። አሜሪካ ቲኤንቲ የተባለውን ፈንጂ በአገሯ ማምረት ካቆመች ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ከውጭ፣ በተለይም ከፖላንድ፣ ስትገዛ ቆይታለች። ቀዝቃዛው ጦርነት ካበቃ በኋላ ምዕራባውያኑ የሚያስቡት ጦርነት በአየር ኃይልና በጥቂት ዘመናዊ ሚሳኤሎች የሚያልቅ ስለነበር፣ የመድፍ ጥይት ፋብሪካዎች የሚንቀሳቀሱት ለልምምድ የሚበቃውን ያህል ብቻ ነበር። ወረራው ሲጀመር አሜሪካ በወር ታመርት የነበረው 14 ሺህ ገደማ የ155 ሚሊሜትር ጥይት ነው፤ ይህ ቁጥር ከባድ ውጊያ በሚካሄድበት ግንባር በጥቂት ቀናት የሚያልቅ ነው። ወደ 100 ሺህ ለማድረስ የተቀመጠው ዕቅድ የ2025ን መጨረሻ ይመለከት ነበር። የአውሮፓ ኅብረትም በመጋቢት 2023 በአሥራ ሁለት ወር ውስጥ አንድ ሚሊዮን ጥይት እሰጣለሁ ብሎ ቃል ገባ፤ ቀነ ገደቡ ሲደርስ የተሰጠው ግማሽ ያህሉ ነበር። የፋብሪካ ባለቤቶች ጦርነቱ ነገ ቢቆምስ በሚል ስጋት የብዙ ዓመት ውል ካልተፈረመላቸው አዲስ ማምረቻ አይተክሉም፤ መንግሥታት ደግሞ በጀታቸውን የሚያጸድቁት በየዓመቱ ነው።

ስለዚህ እርዳታው በሁለት መንገድ ይሄዳል፣ ሁለቱም የየራሳቸው ፍጥነት አላቸው። አንደኛው በፕሬዚዳንቱ ትእዛዝ ከአሜሪካ ጦር መጋዘን የሚወጣ ነው፤ ተጭኖ በፖላንድ፣ በተለይም በዤሹፍ ከተማ በኩል፣ በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ ድንበር ሊደርስ ይችላል፤ ነገር ግን መጋዘኑ መልሶ ካልተሞላ የአሜሪካ ጦር ራሱ ባዶ ይቀራል። ሁለተኛው ለፋብሪካ ትእዛዝ ተሰጥቶ የሚመረት ነው፤ ይህ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ይፈጃል። «ይህን ያህል ቢሊዮን ተሰጠ» የሚለው ዜና ሁለቱን፣ ከዚያም በላይ የአሜሪካን መጋዘን ለመሙላት የሚውለውን ገንዘብ፣ በአንድ ቁጥር አጠቃሎ ያቀርባል። በሐምሌ 2023 አሜሪካ ብዙ አገሮች ያገዱትን፣ ብዙ ትናንሽ ፈንጂዎችን የሚበትነውን ክላስተር ጥይት ለዩክሬን የላከችው፣ ፕሬዚዳንት ባይደን እንዳስረዱት፣ የተራው ጥይት ክምችት እያለቀ ስለነበር ነው። አንድ መንግሥት በወዳጆቹ ዘንድ የሚያስወቅሰውን ውሳኔ የሚወስነው መጋዘኑን አይቶ መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ነገር አላገኘሁም።

የረሃቡ ከፍተኛ ወቅት ከ2023 መጨረሻ እስከ 2024 ጸደይ ያለው ነው። አዲሱ የእርዳታ ሕግ በአሜሪካ ምክር ቤት ለወራት ሲጓተት የአቭዲቪካ ከተማ ተከላካዮች ጥይታቸውን እየቆጠቡ ይዋጉ ነበር፤ ከተማይቱም በየካቲት 2024 አጋማሽ በሩሲያ እጅ ወደቀች። በሚያዝያ ወር በአውሮፓ የአሜሪካና የኔቶ ጦር አዛዥ የነበሩት ጄኔራል ካቮሊ ለምክር ቤቱ ሲያስረዱ፣ ሩሲያ ለአንድ የዩክሬን ጥይት አምስት እንደምትተኩስ፣ እርዳታው ከቀረም ልዩነቱ በሳምንታት ውስጥ አሥር ለአንድ ሊሆን እንደሚችል ተናገሩ። ሕጉ የተፈረመው ሚያዝያ 24 ቀን 2024 ነው። አቭዲቪካን በተመለከተ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ቢባል ብዙ ስሕተት የለበትም፤ ሆኖም ቀደም ብሎ አውሮፓ ውስጥ የተቀመጠ መሣሪያ ስለነበር የመጀመሪያው ጭነት ፈጥኖ ገባ፣ በግንቦት ወር በኻርኪቭ በኩል የተከፈተውን አዲስ የሩሲያ ጥቃት ለመግታትም ደረሰ። ቼኮችም በፕሬዚዳንት ፓቬል አሳሳቢነት ከአውሮፓ ውጭ በየመጋዘኑ ያለውን ጥይት እየፈለጉ፣ በሌሎች አገሮች ገንዘብ እየገዙ መላክ ጀመሩ። ከወራት ንግግር ይልቅ ይህ የገበያ ሥራ ግንባሩን የበለጠ ጠቅሞታል እላለሁ።

ረሃቡ በአንድ ወገን ብቻ ያለ ይመስል መጻፍ ግን ትክክል አይሆንም። በግንቦት 2023፣ በባኽሙት ውጊያ መጨረሻ፣ ዋግነር የተባለው የሩሲያ ቅጥረኛ ጦር አለቃ ፕሪጎዢን በሞቱ ተዋጊዎቹ አስከሬን መካከል ቆሞ የመከላከያ ሚኒስትሩን ሾይጉንና ኤታማዦር ሹሙን ጌራሲሞቭን ጥይት ከለከላችሁን ብሎ በጩኸት ሲሰድብ ዓለም ሁሉ አይቶታል። ሩሲያ የራሷን ፋብሪካዎች በፈረቃ ቀን ከሌት ከማሠራቷ በተጨማሪ ከ2023 መጸው ጀምሮ የሰሜን ኮሪያን ጥይት በባቡርና በመርከብ ማስገባት ጀመረች፤ የሰሜን ኮሪያ ጥይት ከሶቪየት ሥሪት ጋር አንድ ዓይነት በመሆኑ መድፍ መቀየርም አላስፈለጋትም። የውጭ ወታደራዊ እርዳታ ሲባል የምዕራባውያኑን ብቻ ማሰብ ሥዕሉን ግማሽ ያደርገዋል።

እርዳታ ወይም አቅርቦት ሲቋረጥ ምን እንደሚሆን ጅማ ራሷ ሁለት ጊዜ አይታለች ማለት ይቻላል። በ1927 ዓ.ም. ክረምት ብሪታንያና ፈረንሳይ ለኢጣሊያም ለኢትዮጵያም መሣሪያ እንዳይሸጥ ሲከለክሉ፣ ኢጣሊያ የራሷ ፋብሪካ ስላላት የተጎዳችው ኢትዮጵያ ብቻ ነበረች፤ ከዚህ አካባቢ የዘመተው ጦርም የሄደው በዚያው እጥረት ነው። ከዚያ ኢጣሊያ ጅማን ዋና ከተማ ያደረገ የጋላና ሲዳሞ ግዛት አቋቋመች። እ.ኤ.አ. በሰኔ 1940 ሙሶሊኒ ወደ ጦርነቱ ሲገባ ግን የስዊዝ መተላለፊያ በእንግሊዞች እጅ ስለነበር፣ በምሥራቅ አፍሪካ ያለው የኢጣሊያ ጦር ከአገሩ መርከብ ሊደርስለት አልቻለም፤ ባለው ክምችት ብቻ መዋጋት ግዴታው ሆነ። በጅማ ተቀምጠው ያዝዙ የነበሩት ጄኔራል ጋዜራ ከተማዋን ለቀው ወደ ምዕራብ አፈገፈጉ፤ ጅማ በሰኔ 1933 ዓ.ም. ከኢጣሊያ እጅ ወጣች፤ ጄኔራሉም በእ.ኤ.አ. ሐምሌ 1941 በደምቢ ዶሎ በኩል ለቤልጅየም ኮንጎ ጦር እጃቸውን ሰጡ።

ከ2024 አጋማሽ በኋላ በዩክሬን የመድፍ ጥይት ልዩነቱ ጠበበ፤ ከመድፍ ሥራ ብዙውንም ፈንጂ የሚሸከሙ ትናንሽ ድሮኖች ወሰዱት። ዛሬ ከግንባሩ መስመር ግራና ቀኝ ብዙ ኪሎ ሜትር ድረስ ያለ ተሽከርካሪ በቀን መንቀሳቀስ የማይችለው በእነሱ ምክንያት ነው። ዩክሬን ድሮኖቹን በአገሯ ትገጣጥማለች፤ ሞተራቸው፣ ባትሪያቸውና ሌላው ክፍላቸው ግን በብዛት ከቻይና የሚመጣ በመሆኑ፣ የአቅርቦቱ ጥያቄ በአሜሪካ ካሉት የአዮዋና የፔንሲልቬንያ ጥይት ፋብሪካዎች ወደ ቻይናዋ ከተማ ሼንዘን ተሻገረ እንጂ አልጠፋም። ሌላው እጥረት ደግሞ በሰማይ ላይ ነው። የሩሲያን ባሊስቲክ ሚሳኤል ለመምታት ከሁሉ የሚታመነው የፓትሪዮት ሚሳኤል በዓመት የሚመረተው በመቶዎች እንጂ በሺዎች አይደለም፤ በእ.ኤ.አ. ሐምሌ 2025 መጀመሪያ አሜሪካ የራሷ ክምችት አሳስቧት ወደ ዩክሬን የሚሄደውን ጭነት በከፊል ለቀናት አቆመች። ከዚያ ወዲህ በተደረሰው ስምምነት መሠረት አብዛኛውን ሂሳብ የሚከፍሉት የአውሮፓ አገሮችና ካናዳ ናቸው፤ መሣሪያው የሚወጣው ከዚያው ከአሜሪካ መጋዘንና ፋብሪካ ነው፤ ወረፋውን የሚጋሩትም ፓትሪዮት ያላቸው ሌሎች አገሮች ሁሉ ናቸው።