ኮስት ሼሪንግ ምንድን ነው? ለመካኒካል ተማሪ ዕዳውና ደመወዙ ሲመዘኑ

በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ መማር ነፃ የሚመስለው ብዙ ሰው አለ። አይደለም። ተማሪው ሲገባ ገንዘብ አይጠየቅም እንጂ በየዓመቱ ውል ይፈርማል። የተማረበት፣ የበላበትና ያደረበት ሒሳብ በስሙ ይመዘገባል። ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ከደመወዙ እየተቆረጠ ይመለሳል። በወረቀት ስሙ ወጪ መጋራት ነው፤ ዶርም ውስጥም ሬጅስትራር በር ላይም ግን ኮስት ሼሪንግ ነው የሚባለው። ከ1996 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ጀምሮ ሲሠራበት ቆይቷል።

ከትምህርቱ ወጪ የተማሪው ድርሻ ቢያንስ 15 በመቶ ነው። ምግብና መኝታ ግን በደንቡ ሙሉ በሙሉ የእሱ ናቸው። ነን-ካፌ ሆኖ የምግቡን ብር በእጁ የተቀበለውም ያው ነው፤ ይጻፍበታል። ብዙ ወላጅ ዕዳውን የሚያገዝፈው ላብራቶሪውና መምህሩ ይመስለዋል። የአሁኑን ተማሪ ዕዳ የሚያገዝፈው ግን ምግቡ ነው። ለአንድ ተማሪ በቀን ይመደብ የነበረው 22 ብር በ2017 ዓ.ም. ወደ 100 ብር ከፍ ብሏል። ልጆቹ የተሻለ ይብሉ፣ ደግ ነው። ሒሳቡ ግን ይኸውና፦ የትምህርት ዓመቱን 10 ወር ብንል 300 ቀን ነው። በድሮው ተመን በዓመት 6,600 ብር፣ በአሁኑ 30,000 ብር። ምህንድስና 5 ዓመት ስለሆነ ሙሉው ከተጻፈ የምግቡ ብቻ 150,000 ብር ይደርሳል። ስለዚህ "እኔ እኮ በጥቂት ሺህ ብር ነው የጨረስኩት" የሚል ታላቅ ወንድም ያለው ተማሪ የወንድሙን ቁጥር ባይዝ ይሻለዋል።

አሁን ወደ ደመወዙ። ደብረ ብርሃን አንድ ፋብሪካ ጥገና ክፍል ውስጥ በ10,000 ብር የተቀጠረ ጀማሪ መካኒካል ኢንጂነር እናስብ። ቁጥሩ ለስሌት እንዲመች የያዝኩት ነው፤ የራሳችሁን ተኩበት። በ2017 ዓ.ም. በተሻሻለው የገቢ ግብር የመጀመሪያው 2,000 ብር ነፃ ነው። ከዚያ እስከ 4,000 ያለው 15 በመቶ፣ እስከ 7,000 ያለው 20፣ እስከ 10,000 ያለው 25 በመቶ ይቆረጥበታል። ሲደመር 1,650 ብር። ጡረታ 7 በመቶ፣ 700 ብር። ኮስት ሼሪንግ ቢያንስ ከወር ገቢው 10 በመቶ፣ 1,000 ብር። እጁ ላይ የሚገባው 6,650 ብር ነው። ከዚህ ላይ የቤት ኪራይ ይወጣል። "ኢንጂነር ሆነህ ይቺን ነው የምታመጣ?" ብትል እናት አይፈረድባትም፤ የደመወዝ ስሊፑን ስላላየች ነው።

ዕዳ ከገቢ ጋር ሲመዘን ሌላ አገር ሰው ምን ይላል? አሜሪካ በ2023 እ.ኤ.አ. የሙያ ፕሮግራሞችን የሚመዝን የፌዴራል ደንብ አውጥታ ነበር። የተመራቂው ዓመታዊ የብድር ክፍያ ከዓመታዊ ገቢው 8 በመቶ ካልበለጠ፣ ወይም ለመሠረታዊ ኑሮ ከሚበቃው በላይ ከሚተርፈው ገቢ 20 በመቶ ካላለፈ፣ ፕሮግራሙ የዕዳውን ሚዛን ያልፋል ይላል ደንቡ። የእኛ መነሻ 10 በመቶ ነውና ከእነሱ 8 ይበልጣል። ግን አይደናገር። የእነሱ ዕዳ ወለድ አለው፣ የእኛ የለውም። ደመወዝ የሌለው ሰው ደግሞ ከምኑም አይቆረጥበትም። የዛሬ 150,000 ብር ከዓመታት በኋላም ያው 150,000 ነው፤ ገበያው ግን እንደምታውቁት አንድ ቦታ አይቆምም። ዕዳው ባለበት ሲቆም የብሩ አቅም ስለሚወርድ፣ በኑሮ ውድነቱ ተጠቃሚ የሆነ ሰው ቢፈለግ ምናልባት ባለ ኮስት ሼሪንጉ ብቻ ነው።

ዕዳውን ብቻውን ከደመወዙ ጋር አነጻጽሮ "ያዋጣል፣ አያዋጣም" ማለት ግን ግማሽ ሒሳብ ነው። እኔ የምመክረው ሌላውን መንገድ አጠገቡ አስቀምጦ ማየት ነው። ሌላው መንገድ ቴክኒክና ሙያ ነው። ኢንጂነሩ ዲዛይንና ስሌት ላይ ሲያተኩር ይኼኛው ዘርፍ ማምረት፣ ጥገናና ፍተሻ ላይ ያደላል። ቶርኖ ማዞር፣ ብየዳ፣ ፓምፕና ኮምፕሬሰር ፈትቶ መግጠም። ጎበዝ ልጅ በ2 ዓመት ሌቨል 4 ጨርሶ፣ ሲኦሲ የሚባለውን የብቃት ምዘና አልፎ ሥራ ይጀምራል እንበል። ደመወዙን 6,000 ብር እናድርገው። ግብሩ 700፣ ጡረታው 420፣ እጁ ላይ 4,880 ብር። ኮስት ሼሪንግ የለበትም።

በወረቀት የሁለቱ ልዩነት 4,000 ብር ነበር። እጅ ላይ ግን 1,770 ብር ብቻ ነው። ቴክኒሻኑ ኢንጂነሩ ተምሮ እስኪጨርስ ባሉት 3 ዓመታት 175,680 ብር አግኝቷል። ኢንጂነሩ በወር 1,770 ብር እየበለጠው ይህን ለመድረስ 99 ወር ይፈጅበታል፤ 8 ዓመት ከሩብ መሆኑ ነው። ዕዳው ባይኖር ልዩነቱ 2,770 ብር ስለሚሆን በ63 ወር ይደርስበት ነበር። ዕዳው 36 ወር አስረዘመበት ማለት ነው።

አሁን አንድ ነገር ጨምሩበት። ኢንጂነሩ ከተመረቀ በኋላ አንድ ዓመት ሥራ ፈልጎ ቢያገኝስ? ቴክኒሻኑ በዚያ ዓመት 58,560 ብር ይጨምራል። ያንን ለማካካስ ሌላ 33 ወር። ተመልከቱት እንግዲህ፦ የአንድ ዓመት ሥራ ፍለጋ ከሙሉው ኮስት ሼሪንግ ጋር ሊተካከል ምንም አልቀረው። ስለ ዕዳው የሚጨነቅ ተማሪና ወላጅ ሞልቷል፤ ስለዚያ ዓመት የሚያስብ ግን ጥቂት ነው። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የመውጫ ፈተናም አለ። 50 በመቶ ያላመጣ ደግሞ እንደገና እስኪፈተን ይጠብቃል። መጠበቁም ገንዘብ ነው።

በርግጥ የኢንጂነሩ ደመወዝ 10,000 ላይ አይቆምም። ወደ ሺፍት ኃላፊነት፣ ወደ ጥገና ክፍል ኃላፊነት የሚወስደው በር ለእሱ ሰፋ ያለ ነው፤ ሒሳቡን የሚያሳጥረውም ይኸው ነው። ግን በሩ የሚከፈተው መጀመሪያ ውስጥ ለገባ ነው። ማስታወቂያው ላይ "0 ዓመት" የሚል ቦታ ትንሽ ነው፣ አመልካቹ ብዙ። በዚህ የሰሜን ሸዋ ልጅ ከብዙ ቦታ ልጅ ይሻላል። ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ብትርቅም ሐበሻና ዳሽን ቢራ፣ ብርድ ልብስ ፋብሪካው፣ ኢንዱስትሪ ፓርኩ እዚያው ናቸው። ኢንተርንሺፕን ወረቀት ለማስፈረም ብቻ የሚወጣ ተማሪ ያናድደኛል። ቦይለሩ ለምን እንደቆመ፣ የጠርሙስ መሙያው መስመር የቱ ጋ እንደሚይዝ ጠይቆ በማስታወሻ ደብተሩ የያዘ ልጅ ቃለ መጠይቅ ላይ የሚያወራው አለው። ያቺ አንድ ሴሚስተር ከላይ ያለውን 33 ወር ልታስቀርለት ትችላለች።

ዕዳው በትክክል የሚቆነጥጠው ወረቀቱ ላይ ነው። ተመራቂው መጀመሪያ የሚሰጠው ቴምፖ፣ ማለትም ጊዜያዊ የምረቃ ማስረጃ ነው። ኦሪጅናሉ ዲግሪና ወደ ሌላ ተቋም የሚላከው ኦፊሻል ትራንስክሪፕት የሚለቀቁት ኮስት ሼሪንጉ ሲዘጋ ነው። እዚሁ አገር ተቀጥሮ በቴምፖ ለሚሠራ ሰው ይህ ለጊዜው ብዙ አይከብደውም። ውጭ አገር ማስተርስ ለሚያመለክት ግን ይከብዳል፤ ትራንስክሪፕቱ የሚያስፈልገው ዕድሉ በመጣበት ሳምንት ነውና። እንግዲህ የእኔ ሐሳብ ይኼ ነው፦ የመውጣት ዕቅድ የሌለው ሰው ዕዳውን ቶሎ ለመዝጋት በግ አይሽጥ፣ እቁብም አይብላ። ወለድ የለውምና በወር 10 በመቶው ይሂድ። ዕቅድ ያለው ግን ከመጀመሪያው ደመወዝ ጀምሮ ለብቻው ያጠራቅም። አንዴ ገቢዎች ሄዶ ቀሪውን ከፍሎ ደረሰኙን ለሬጅስትራር ያስገባል። በየዓመቱ የፈረመውን ውል ኮፒ የያዘ ሰው ደግሞ ቀሪው ስንት እንደሆነ ሲጠየቅ አይደናበርም።

ሸዋ ሮቢት ወርዶ የሽንኩርትና የማሾ ገበሬውን የውሃ ፓምፕ የሚጠግንበት ወርክሾፕ የከፈተውስ? ለእሱ ፔይሮል ላይ የሚቆርጥለት አሠሪ የለም። ዕዳው ግን አብሮት ነው፤ መክፈያው ከ15 ዓመት እንዳያልፍ ደንቡ ገደብ አስቀምጧል። ስለዚህ ወርክሾፑ ሲከፈት የኪራይ፣ የመብራትና የግብር ሒሳብ በሚጻፍበት ደብተር ላይ ኮስት ሼሪንግም አንድ መስመር ይያዝለት። የምግቡ 150,000 ብር ብቻ በ15 ዓመት ቢካፈል በወር 833 ብር ገደማ ነው።