ጣሪያ የሚነቅል ነፋስ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አክስቴ የምትኖረው ከኮምቦልቻ ወጣ ብሎ በቃሉ ወረዳ ገጠር ነው። በበልግ አንድ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ተነስቶ የቤቷን ጣሪያ ግማሹን ገነጠለው። ሁለት ደቂቃ እንኳ አልቆየም ትላለች። በማግስቱ ስደርስ ከቤቱ ጀርባ ያሉት ባሕር ዛፎች እርስ በርስ ተጠላልፈው ወድቀዋል፤ ጎተራው ክዳኑን አጥቶ ማሽላው ርሷል። ዛፍ ሁሉ ወደ አንድ ወገን ከተኛ ቀጥ ያለ ነፋስ ነው፤ በጠባብ መስመር ውስጥ እንዲህ ከተጠላለፈ ግን ቶርኔዶ የሚባለውን አዙሪት ያመለክታል። ሊያጽናኑ የመጡት ጎረቤቶች ቡና እየጠጡ የተናገሩትን እነሆ፤ ከደሴ እስከ ሐርቡ የሚባለውም ይኸው ነውና።

«የሰይጣን ነፋስ ነው፤ ቤት መርጦ ይመታል»

ከሁሉ ያሳዘነኝ ይህ ነው። አክስቴ ቆርቆሮዋን ከመሰብሰብ ይልቅ «ምን በድዬ ይሆን?» እያለች ታለቅስ ነበር። ምንም አልበደለችም። ደካማ ቶርኔዶ የሚጠርገው መስመር ስፋቱ ብዙ ጊዜ ከጥቂት አሥር ሜትሮች አያልፍም። ስለዚህ አንዱን ቤት ነቅሎ ከአጥሩ ማዶ ያለውን ሳይነካ ያልፋል። በጠራራ ፀሐይ ሜዳ ላይ አቧራ እያሽከረከረ የሚሄደው ደግሞ ሌላ ነው፤ እሱ ከጋለ መሬት ሲነሳ ቶርኔዶ ከነጎድጓዳማ ደመና ጋር የተያያዘ ነው።

«ተራራው ይጋርደናል»

ጦሳን ለተንተራሰ የደሴ ሰው ይህ እምነት ቢመጣ አይገርምም። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1987 በአሜሪካ ዋዮሚንግ ግዛት አንድ ብርቱ ቶርኔዶ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ተራራ ላይ ወጥቶ ደኑን ጨፍጭፏል። ደሴ ያለችው 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ነው።

«ደካማ ከተባለ የሚያሰጋ አይደለም»

የቶርኔዶን ደረጃ መለኪያ እ.ኤ.አ. በ1971 ያወጣው ፉጂታ የተባለ ጃፓን የተወለደ ሳይንቲስት ነው። ዛሬ በአሜሪካ በሚሠራበት የተሻሻለ መለኪያ ደካማ የሚባለው ዝቅተኛው ደረጃ እንኳ በሰዓት ከ105 እስከ 137 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነው። ደረጃው የሚሰጠውም ከጉዳቱ ተነስቶ ነው። ባዶ ማሳ ላይ ያለፈ ነፋስ የሚሰብረው ስለሌለ ብቻ ከኃይሉ በታች ሊመደብ ይችላል።

«ቆርቆሮው ላይ ድንጋይ ይጫንበት»

እዚህ ላይ ረጋ ብላችሁ እንድታነቡኝ እለምናለሁ፤ ሰው የሚጎዳው በዚህ ነውና። ነፋስ ጣሪያን የሚያጠቃው በመጫን ሳይሆን ወደ ላይ በመሳብ ነው። በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ ከ50 ኪሎ በላይ ኃይል ያሳርፋል፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ኃይሉ አራት እጥፍ ይሆናል። አምስት ወይም ስድስት ድንጋይ ይህን አይችለውም። ቆርቆሮው ሲነሳ ድንጋዩ ልጆች ላይ ይወርዳል።

የአክስቴን ጣሪያ ገልብጬ አየሁት። ሚስማሩ ከነጎማው እንደተመታ አለ፤ ቆርቆሮውም ከማገሩ አልተላቀቀም። የተነቀለው ማገሩ ራሱ ነው፤ ከወራጁ ጋር የያዘው በየቦታው አንድ ሚስማር ብቻ ነበርና። ወራጁም ከግድግዳው ጋር በምንም አልታሰረም። መፍትሔው ጥቁር ሽቦ ነው፦ ማገሩን ከወራጁ፣ ወራጁን ከቋሚው ጋር ጠምዝዞ ማሰር። በተለይ የጣሪያው ጠርዝና በረንዳው ይጥበቅ፤ መላቀቅ የሚጀምረው ከዚያ ነው። ቅሬው (ዕድሩ) ተሰብስቦ በደቦ ሲጠግን በአሮጌው ቀዳዳ ሚስማር መልሶ መምታት ያንኑ ጣሪያ ለሚቀጥለው ነፋስ ማዘጋጀት ነው።

«በርና መስኮት ከፍታችሁ አሳልፉት»

የገባው ነፋስ ጣሪያውን ከሥር ይገፋዋል፤ ከላይ የሚስበው ሌላ ነው፤ ሁለቱ ተባብረው ይነቅሉታል። ዝጉ፤ ከመስኮት ርቃችሁ ጠንካራ ጠረጴዛ ወይም አልጋ ሥር ግቡ፣ ራሳችሁን ሸፍኑ። ደጅ ላይ ከደረሰባችሁ ዛፍ ሥር አትጠጉ፤ ጎርፍ የማይመጣበት ዝቅ ያለ ቦታ ላይ በደረታችሁ ተኙ።

«ካለፈ አለፈ»

የወደቀ የመብራት ሽቦ የሞተ ቢመስልም አትጠጉት፤ እርጥብ መሬት ላይ ከሩቅም ይገድላል። የዛገ ሚስማር የወጋው ሰው ቁስሉን በሳሙና ታጥቦ ለመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ።

«እህሉ ይቆይ፣ መጀመሪያ ጣሪያው»

አክስቴም ይህን ብላ ነበር። የራሰ እህል ተከምሮ ካደረ ግን ይሞቃል፣ ይሻግታል፤ አንዳንዱ ሻጋታ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያመነጫል፣ ያም በመፍጨትና በመጋገር አይጠፋም። እኔና የጎረቤት ልጆች ጎተራውን ገልብጠን ማሽላውን ሸራ ላይ በስሱ አሰጣነው። ዝናብ ሲያጉረመርም እየሰበሰብን፣ ሲያባራ መልሰን እየዘረጋን ሦስት ቀን ቆየን። የታችኛው ከረጢት ሙሉ ግን ሲከፈት አረንጓዴ ሆኖ ጠብቆን ነበርና፣ ለዶሮም እንዳይሰጥ ብለን ርቀን ቀበርነው።