መዓዛማ እንጨትን ለዘይት ማዘጋጀት

እንደ ሰንደል፣ ዑድና ጥድ ካሉ እንጨቶች መዓዛማ ዘይት የሚወጣው በአብዛኛው በእንፋሎት ወይም በውሃ በማንጠር ነው። ብዙ ሰው የሙያው ቁልፍ እሳቱና የማንጠሪያው በርሜል ይመስለዋል። ይሁንና እንጨቱ ሲመረጥ፣ ሲጠረብና ሲፈጭ የባከነውን ዘይት የትኛውም ማንጠሪያ አይመልሰውም።

የሰንደል ዘይት የሚከማቸው ጠቆር ባለው የግንዱ ልብና በሥሩ ውስጥ ነው። ልቡን የከበበው ነጭ እንጨት ይህ ነው የሚባል ዘይት ስለሌለው ተጠርቦ ይወገዳል። ዛፉም ሥሩ እንዳይቀር ከነሥሩ ይነቀላል። ልቡ የሚዳብረው ከብዙ ዓመታት በኋላ በመሆኑ ለጋ ዛፍ መቁረጥ ዛፉንም ዘይቱንም ማጣት ነው።

ዑድ ግን ለብቻው የሚታይ ነው። የሚገኘው አኩዊላሪያ ከተባለ ዛፍ ሲሆን፣ ጤነኛው ዛፍ እንጨቱ ነጣ ያለ፣ ቀላልና መዓዛ የሌለው ነው። ዛፉ ቆስሎ ፈንገስ ሲገባበት ራሱን ለመከላከል ሙጫ ያመነጫል፤ እንጨቱን የሚያጠቁረውም የሚያሸትተውም ይኸው ሙጫ ነው። ባለሙያው ነጩን በስለት እየፋቀ ከጥቁሩ ይለያል። ሙጫ የጠገበው ቁራጭ ለማጨሻ በውድ ስለሚሸጥ ወደ ማንጠሪያ የሚሄደው ብዙውን ጊዜ ዝቅ ያለው ደረጃ ነው። እሱም ተፈጭቶ ለቀናት፣ አንዳንዴም ለሳምንታት ውሃ ውስጥ ይዘፈዘፋል። ሲብላላ እንስሳ እንስሳ የሚል ከባድ ሽታ ያመጣል። ይህን የሚወዱ ብዙ ናቸው፤ ከልክ ሲያልፍ ግን የእንጨቱን የራሱን ጠረን ይውጠዋል። የአኩዊላሪያ ዝርያዎች በሙሉ ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለአደጋ የተጋለጡ የዱር እንስሳትና ዕፅዋትን ንግድ በሚቆጣጠረው ዓለም አቀፉ የሳይተስ (CITES) ስምምነት ሥር ስለሆኑ፣ ድንበር የሚሻገር እንጨት ፈቃድ ያስፈልገዋል።

የቨርጂኒያ ጥድ አዘገጃጀት ቀላል ነው፤ ከእርሳስና ከቤት ዕቃ ሥራ የተረፈው ሰጋቱራና ፍቅፋቂ ራሱ ይነጠራል።

እንጨቱ ጥላና ነፋስ ባለበት ይደርቃል፤ እርጥብ ሆኖ ከተከመረ ይሻግታል። የሚፈጨው እንፋሎቱ ውስጡ ድረስ እንዲደርስ ነው። የሰንደል ዋና ንጥረ ነገር የሆነው ሳንታሎል የሚፈላው 300 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ስለሆነ ከእንፋሎት ጋር የሚወጣው ቀስ እያለ ነው። ስለዚህ እንጨቱ በደቃቁ ይፈጫል፤ ማንጠሩም ረጅም ሰዓት ይወስዳል። መድቀቁ ከመጠን ካለፈ ግን ዱቄቱ ይጋገርና እንፋሎቱ በጠባብ ቀዳዳ ብቻ ሾልኮ ይወጣል፤ የቀረው ክፍል ሳይነካ ይቀራል። ወፍጮው ከጋለም ቀላሎቹ መዓዛዎች እዚያው ይተናሉ። ስለዚህ ረጋ ባለ ፍጥነት ተፈጭቶ፣ ዱቄቱ ሳይውል ሳያድር በርሜል ውስጥ ቢገባ ይመረጣል።