ታርጋችን ማንነታችን አይደለም፦ በብዛት የምንሳሳታቸው ነገሮች

ታርጋ መለጠፍ እንወዳለን። ሰው ገና ስንተዋወቅ የየት አገር ልጅ እንደሆነ፣ ምን እንደሚሠራ፣ ማግባት አለማግባቱን እንጠይቃለን፤ ከዚያ በመልሱ እንመዝነዋለን። የባሰው ግን እኛም የተለጠፈብንን አምነን መቀበላችን ነው። «ማንነቴ በእግዚአብሔር ነው» የሚለውን ደግሞ ሁላችንም እንላለን፣ ግን አብረውት የሚመጡ የተሳሳቱ አመለካከቶች አሉ።

«እንዲህ ካልኩ ብሔሬንና ቋንቋዬን መተው አለብኝ»

በፍጹም። በገላትያ 3፥28 አይሁዳዊ ወይም የግሪክ ሰው የለም ያለው ጳውሎስ፣ በሮሜ 11፥1 ደግሞ እኔም እስራኤላዊ ነኝ፣ ከብንያም ወገን ነኝ ይላል። ሊገርፉት ሲያስሩትም ሮማዊነቱን ጠቅሶ መብቱን ጠይቋል። በራእይ 7፥9 በዙፋኑ ፊት የቆሙት እንኳ ከነገድና ከቋንቋ ሁሉ የተውጣጡ ናቸው። ችግሩ ብሔር መኖሩ አይደለም። አንድን ሰው ለመውደድም ለመጥላትም ብሔሩ ብቻ ሲበቃን ነው ችግሩ፤ አገራችን ደግሞ ለዚህ ብዙ ዋጋ ከፍላለች።

«ሰው ማለት ውጤቱ ነው»

በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ልጆች ባንዴ «ወዳቂ» ተባሉ፤ ጎረቤት «ስንት አመጣህ?» እንዳይል ከቤት መውጣት ያስጠላው ልጅ ብዙ ነው። ውጤቱ ስለ ትምህርት ቤቱም ስለ ልጁ ጥናትም የሚናገረው ነገር አለው፣ አልክድም። ልጁ ማን እንደሆነ ግን አይናገርም።

ማቴዎስ 3ን እዩት። «የምወደው ልጄ ይህ ነው» የሚለው ድምፅ ከሰማይ የመጣው ኢየሱስ ገና ስብከት ሳይጀምር ነው። በሚቀጥለው ምዕራፍ ፈታኙ መጥቶ ምን አለው? የእግዚአብሔር ልጅ ከሆንህ ድንጋዩን እንጀራ አድርግ። ልጅነትህን ሠርተህ አሳይ ማለቱ ነው። እሱ ግን ምንም ማሳየት አላስፈለገውም።

«እግዚአብሔርም የሚያየኝ ሰው በሚጠራኝ ስም ነው»

ይሄ የብዙዎች ስውር ቁስል ነው። ኦሪት ዘፍጥረት 16ን በቀስታ አንብቡት። ሦራ ስትናገር «ባሪያዬ» ትላለች፣ አብራም ሲመልስ «ባሪያሽ» ይላል። ሁለቱም የሴትዮዋን ስም አይጠሩም። ስሟን የሚጠራው ሸሽታ በምድረ በዳ የውኃ ምንጭ አጠገብ ያገኛት መልአክ ነው፦ አጋር፣ ከወዴት መጣሽ? ወዴትስ ትሄጃለሽ? ያቺ በሰው አገር፣ በሰው ቤት የምትሠራ ግብፃዊት ናት እግዚአብሔርን «ኤልሮኢ» ብላ የጠራችው፣ የሚያየኝ አምላክ ለማለት።

ቤሩት፣ ሪያድ፣ ዱባይ የሚሠሩ እህቶቼ ይሄን ቢያነቡልኝ ደስ ይለኛል። ስንቷ ናት አሠሪዋ ስሟ ከብዶት ሌላ ስም ያወጣላት፣ ፓስፖርቷን የተቀማች! እግዚአብሔር ስምሽን አልረሳም። ይህ ማለት ግን ተበድለሽ ዝም በዪ ማለት አይደለም። አጋር በዚያ ቀን ተመለሺ ብትባልም በምዕራፍ 21 ከዚያ ቤት ወጥታለች፤ በምድረ በዳም ልጇ በውኃ ጥም ሊሞትባት ሲል የውኃ ጉድጓድ ያሳያት ያው አምላክ ነው።

«ጥሩ ታርጋ ከሆነ ምን ችግር አለው?»

ዶክተር፣ ኢንጂነር፣ ዘማሪ፣ አገልጋይ መባል ክፉ አይደለም። ግን ጡረታ ይመጣል፣ ድምፅ ይዘጋል። በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያናችን ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ክርስትና ሲነሡ ስም ይወጣላቸዋል፤ ወልደ ማርያም፣ ወለተ ሚካኤል እየተባለ። ቆይቶ ሰው ሲያርፍ በፍትሐቱ የሚነሣው ይሄ የሕፃንነት ስም ነው። ዲግሪውን የሚጠይቅ የለም።

«ታርጋ የሚጎዳው የተለጠፈበትን ብቻ ነው»

አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሥራው መስደብን በአዋጅ ከልክለዋል። ብረት የሚሠራውን፣ ሸማ የሚሠራውን የሚሰድብ ሰው በዝቶ ነበርና፣ ሁላችንም የአዳምና የሔዋን ልጆች ነን ብለው ነው የተከራከሩት። ከመቶ ዓመት በላይ አልፎም ሸክላ ከሚሠራ ቤተሰብ ልጁን የማይድር ሰው አለ። ከዚያው ሰው ብዙው እሑድ ቤተ ክርስቲያን የሚሄድ ነው፤ ይሄ በጣም ያሳዝነኛል። ናዝሬቶችም ኢየሱስን ሲሰሙት ጥበቡ ገርሟቸው ነበር፤ ወዲያው ግን «ይህ የጸራቢ ልጅ አይደለምን?» አሉና ተሰናከሉበት። ባለማመናቸውም ምክንያት፣ ይላል ማቴዎስ፣ በዚያ ብዙ ተአምራት አላደረገም።