የሴቶች ሦስት ለሦስት ቅርጫት ኳስ፦ ከጀርመኖቹ ወርቅ በኋላም ያልጠፉ የተሳሳቱ አመለካከቶች

ሐምሌ 29 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ፓሪስ፣ ኮንኮርድ አደባባይ። ጀርመን 17፣ ስፔን 16። ስቬንያ ብሩንክሆርስት፣ ሶንያ ግራይናኸር፣ ኤሊዛ ሜቪዩስ እና ማሪ ራይኸርት የኦሊምፒክ ወርቅ አጠለቁ። ጀርመን ከዚያ በፊት በቅርጫት ኳስ፣ በወንዶችም ሆነ በሴቶች፣ የኦሊምፒክ ሜዳሊያ አግኝታ አታውቅም ነበር። የመጀመሪያውን ያመጡት እነዚህ አራት ሴቶች ናቸው።

እኔ ይህን ጨዋታ እወደዋለሁ። ስለዚህ ወሬው በተነሳ ቁጥር የምሰማቸው አንዳንድ ነገሮች ያንገበግቡኛል። ዛሬ አንድ በአንድ ላንሳቸው።

"ይሄ እኮ የሰፈር ጨዋታ ነው"

መነሻው ሰፈር መሆኑ እውነት ነው። አንድ ቅርጫት፣ ስድስት ልጆች፣ አንድ ኳስ። ማናችንም ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ያየነው ነገር ነው። ግን ዛሬ የራሱ ሕግ፣ የራሱ የዓለም ዋንጫና የራሱ የደረጃ ሰንጠረዥ አለው። የመጀመሪያው የዓለም ዋንጫ በፈረንጆቹ 2012 አቴንስ ላይ ተካሄደ። የሴቶቹን ዋንጫ አሜሪካ ወሰደች። ወደ ኦሊምፒክ የገባው ደግሞ በቶኪዮ ነው።

"አምስት ለአምስት ያልሆነላቸው የሚሄዱበት ነው"

ቶኪዮ ላይ ወርቁን የወሰዱትን አሜሪካውያን እንይ። ኬልሲ ፕለም፣ ጃኪ ያንግ፣ አሊሻ ግሬይ፣ ስቴፋኒ ዶልሰን። አራቱም ያኔ በአሜሪካ የሴቶች ፕሮፌሽናል ሊግ የሚጫወቱ ነበሩ። እነዚህን "ያልሆነላቸው" ማለት ነውር ነው።

"እንግዲያው ኮከብ የሰበሰበ ያሸንፋል"

ይህ የተገላቢጦሹ ስህተት ነው፤ እኔን ደግሞ ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ እሱ ነው። ፓሪስ ላይ አሜሪካ የዚያው ሊግ ኮከቦች የሆኑትን ራይን ሃዋርድንና ዲያሪካ ሃምቢን ይዛ መጣች። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ጨዋታዎች በተከታታይ ተሸነፈች። ካሸነፏት አንዷ አዘርባጃን ነበረች። በኋላ አንሰራርታ ግማሽ ፍጻሜ ደረሰች፣ እዚያ ስፔን አቆመቻት፣ በመጨረሻም ነሐስ ይዛ ተመለሰች። በወንዶቹም በኩል በፈረንጆቹ 2019 የዓለም ሻምፒዮን የነበረችው አሜሪካ ለቶኪዮ ማለፍ እንኳን አቅቷታል።

ምክንያቱ ሕጉ ውስጥ አለ። በዚህ ጨዋታ ተጫዋቾች በየውድድሩ በግላቸው ነጥብ ይሰበስባሉ። የአገር ደረጃ የሚወጣው የእነዚህ ተጫዋቾች ነጥብ ተደምሮ ነው። ለቶኪዮ ደግሞ ከቡድኑ አራት ተጫዋቾች ቢያንስ ሁለቱ በአገራቸው የሦስት ለሦስት ሰንጠረዥ ከአንድ እስከ አሥር ያሉ መሆን ነበረባቸው። ዓመቱን ሙሉ ሌላ ቦታ ከርመሽ፣ በመጨረሻው ሳምንት ስምሽን ይዘሽ ብቻ አትመጪም። አንድ ሰው ከየከተማው ውድድር ነጥብ መልቀም አለበት።

"አሥር ደቂቃ ምን ያደክማል?"

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ጨዋታውን ጨዋታ የሚያደርገው ይሄ ነውና።

ሜዳው 15 ሜትር በ11 ሜትር ነው። ቅርጫቱ አንድ ነው። ቀድሞ 21 ነጥብ የደረሰ ያሸንፋል፤ ማንም ካልደረሰ 10 ደቂቃው ሲያልቅ የሚመራው ያሸንፋል። ለማጥቃት ያለሽ 12 ሰከንድ ብቻ ነው፤ በአምስት ለአምስት 24 ነው። ሲገባብሽ ደግሞ ጨዋታው አይቆምም። ከመስመር ውጪ ወጥቶ ኳስ ማስጀመር የለም። ኳሷ ከመረቡ ስትወርድ እዚያው ከቅርጫቱ ስር ትይዥና እያነጠርሽ (በድሪብል) ወይም በቅብብል ቅርጫቱን ከሩቅ ከከበበው የቅስት መስመር ውጪ ታወጫታለሽ። ከዚያ በቀጥታ ማጥቃት ነው። አሁን የገባባት ልጅ ትንፋሿን ሳትሰበስብ አጥቂ ሆናለች። ያገባችው ደግሞ ደስ ሳይላት ተከላካይ ናት።

ቅያሪውን ተመልከቱ። ተቀያሪ አንድ ብቻ ናት። ኳስ ሲቆም ዳኛ ሳይጠራ የደከመችው ትወጣለች፤ ከቅርጫቱ ትይዩ ካለው የመጨረሻ መስመር ጀርባ የጓደኛዋን እጅ ነክታ ታስገባታለች። ቅያሪው በቃ ይሄ ነው። ብዙ ጊዜ የወጣችው ውሃ ሳትጠግብ ተመልሳ ትገባለች።

መነካካቱም ከባድ ነው። አንድ ተጫዋች በግሏ ፋውል ስላበዛች ከሜዳ አትወጣም፤ የሚቆጠረው የቡድኑ ነው። ከ7ኛው ጀምሮ ተጋጣሚ ሁለት ነፃ ውርወራ ያገኛል፣ ከ10ኛው ጀምሮ ደግሞ ሁለት ውርወራና ኳሱንም ጭምር።

ጀርመኖቹ ፓሪስ ላይ ወርቁን ባገኙበት ቀን የተጫወቱት ፍጻሜውን ብቻ አልነበረም። ግማሽ ፍጻሜውም ያው ቀን ነበር። ካናዳን 16 ለ15 አሸነፉ፣ ትንሽ አረፉ፣ ከዚያ ስፔንን 17 ለ16። በአንድ ቀን ሁለት ጨዋታ፣ ሁለቱም በአንድ ነጥብ። አሥር ደቂቃ አያደክምም የሚል ሰው ይህን ይየው።

"ነጥቡ ትንሽ ስለሆነ ጨዋታው ቀዝቃዛ ነው"

ነጥቡ የሚያንሰው አቆጣጠሩ ስለሚለይ ነው። ከቅስቱ ውስጥ የገባ 1፣ ከውጪ የገባ 2 ነው። ከሩቅ መምታት በተለመደው ቅርጫት ኳስ የቅርቡን አንድ ተኩል እጥፍ ይሰጣል፤ እዚህ ድርብ ነው። ስለዚህ የሦስት ነጥብ ልዩነት በሁለት ምት ይገለበጣል። ጭማሪ ደቂቃው ደግሞ ከዚህ የባሰ ልብ ይሰቅላል፦ ሰዓት የለውም፣ ቀድሞ ሁለት ነጥብ ያገባ ያሸንፋል። በፓሪሱ ግማሽ ፍጻሜ አሜሪካና ስፔን 16 እኩል ሆነው ጭማሪ ገቡ፤ ስፔን 18 ስትደርስ አለቀ።

"ለሴቶች ቀለል ተደርጎ የተሠራ ነው"

ሜዳው፣ ሰዓቱ፣ ሕጉ ከወንዶቹ ጋር አንድ ነው። ኳሱም አንድ ነው፤ ስፋቱ የ6 ቁጥር፣ ክብደቱ የ7 ቁጥር (በተለመደው ቅርጫት ኳስ 6 የሴቶች፣ 7 የወንዶች ኳስ ነው)።

"አሰልጣኝ ስለሌለ ታክቲክም የለም"

አሰልጣኝ አለ፤ ፓሪስ ላይ ግን በጨዋታ ሰዓት ተቀያሪ ወንበር ላይ አይቀመጥም ነበር። ሥራው ከጨዋታው በፊት ያልቅ ነበር። ሜዳ ላይ ማን ይውጣ፣ ያለችውን አንድ የ30 ሰከንድ እረፍት መቼ እንጥራ የሚለውን የሚወስኑት ራሳቸው ተጫዋቾቹ ነበሩ። ትንፋሽ አጥሮሽ፣ በአንድ ነጥብ እየተመራሽ፣ ይህን መወሰን። ለእኔ ከዚህ የበለጠ ታክቲክ የለም።

"የሀብታም አገሮች ነገር ነው"

ሞንጎሊያ በኦሊምፒክ ታሪኳ በቡድን ስፖርት የተወከለችው ለመጀመሪያ ጊዜ ቶኪዮ ላይ ነው፤ የወከሏትም የሦስት ለሦስት ሴቶች ናቸው። ከተጫዋቾቹ አንዷ ኹላን ኦኖልባታር በመክፈቻው የአገሯን ሰንደቅ ይዛ ገባች። በፈረንጆቹ 2025 የዓለም ዋንጫው ራሱ ወደ ዋና ከተማዋ ኡላን ባቶር ሄደ። ሞንጎሊያዎቹ በሕዝባቸው ፊት ለፍጻሜ ደረሱ፣ በኔዘርላንድስ ተሸንፈው ብር ወሰዱ።

ፓሪስንም እናስታውስ። ጀርመን፣ ስፔንና ካናዳ ወደ ኦሊምፒኩ የገቡት በመጨረሻው በር ነው፤ ደብረፀን በምትባለው የሃንጋሪ ከተማ በተደረገው የመጨረሻ ማጣሪያ። ከአንደኛ እስከ አራተኛ ከወጡት ሦስቱ እነሱ ናቸው። ያኔ ቦታው ለ8 አገር ብቻ ነበር። ሎስ አንጀለስ 2028 ላይ 12 ይሆናል፤ 16 ተጨማሪ ሴቶች የኦሊምፒክ ማሊያ ይለብሳሉ።