የተተወ የድንጋይ ካባ ባዶ ቦታ አይደለም፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

አዲስ አበባ የተገነባችው ከዙሪያዋ በወጣ ድንጋይ ነው። ጥቁር ድንጋዩ ለመሠረትና ለጠጠር፣ ለስላሳው ድንጋይ ለጥርብ ግድግዳ፣ ሬድ አሽ የሚባለው ቀይ የእሳተ ገሞራ ጠጠር ለሙሌት ውሏል። ጉድጓዱ ግን እዚያው ቀረ። የከተማዋ ዳርቻ እየተገፋ ሲሄድ ደግሞ በእርሻ መካከል የነበረው ካባ የኮንዶሚኒየምና የጨረቃ ቤት ጎረቤት ሆነ። የእሳትና አደጋ ሥጋት አመራር ኮሚሽን ክረምት በመጣ ቁጥር የሚነግረን መርዶ፣ ድንጋይ ወጥቶበት ሳይደፈን በቀረ ጉድጓድ ስለሰጠሙ ልጆች የምንሰማው ሁሉ፣ ከዚህ ጉርብትና የመጣ ነው።

እንዲህ ያለውን ቦታ ላስተካክል ብሎ የሚነሳ የወረዳ ባለሙያ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚሠራ ተማሪ ወይም የሰፈር ኮሚቴ አስቀድሞ ማወቅ ያለበት ካባውን ዛሬ ማን፣ መቼና ለምን እንደሚጠቀምበት ነው። ይህን ቁጭ ብሎ ሳያዩ የሚወሰድ እርምጃ ጉዳቱን ከአንዱ ወደ ሌላው ያዛውራል እንጂ አያስቀርም። በዚህ ሥራ ላይ ደጋግመው የሚያጋጥሙት የተሳሳቱ አመለካከቶች እነዚህ ናቸው።

“ሥራው ስለቆመ ቦታው ባዶ ነው”

የሚቆመው ፈቃድ ያለው ሥራ ነው። ክሬሸሩ (የድንጋይ መፍጫው ማሽን) ተነቅሎ ሲሄድ ሌሎች ተጠቃሚዎች ይገባሉ፤ ሰዓታቸውም ስለሚለያይ ብዙ ጊዜ እርስ በርስ እንኳ አይተያዩም። ጎህ ሲቀድ ሯጮችና ቴኳንዶ የሚለማመዱ ወጣቶች በደልዳላው ወለል ላይ ይሠራሉ። ፀሐይ ሞቅ ሲል ልብስ የሚያጥቡ እናቶች ጄሪካንና ሳፋ ይዘው ይወርዳሉ፤ የታጠበው ድንጋዩ ላይ ይሰጣል። ረፋዱ ላይ ከብት ይጠጣል፣ ብሎኬት አምራቾች በበርሜል ውሃ ይቀዳሉ። ከሰዓት በኋላ ወለሉ የኳስ ሜዳ ነው። ሲመሽ ጫት የሚቅሙ ይሰባሰባሉ፣ ማደሪያ የሌለው በዋሻው ይጠለላል። ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ደግሞ ገልባጭ መኪና መጥቶ የግንባታ አፈር ደፍቶ ይመለሳል። ይህ ሁሉ በአንድ ካባ፣ በአንድ ቀን ሊሆን ይችላል።

“አንድ ቀን ሄዶ ማየት ይበቃል”

ማክሰኞ ረፋድ የሄደ ሰው የሚያየው የማክሰኞን ረፋድ ብቻ ነው። ቢያንስ አራት ዓይነት ቀን ያስፈልጋል፦ የሥራ ቀን፣ ቅዳሜ፣ እሑድና በዓል። እያንዳንዱ ቀን በአራት ይከፈላል፦ ከንጋት 12 እስከ 3፣ ከ3 እስከ 6፣ ከ6 እስከ 9፣ ከ9 እስከ ማታ 12። ይህ 16 ምልከታ ይሆናል፤ በበጋ አንድ ጊዜ፣ በክረምት አንድ ጊዜ ይደረጋል። ትምህርት ቤት ሲዘጋ የልጆቹ ቁጥርና ሰዓት ሙሉ በሙሉ ስለሚቀየር የበጋው መዝገብ የክረምቱን አይተካም።

አመዘጋገቡ ቀላል ነው። በቅድሚያ የካባውን ንድፍ በወረቀት ላይ አውጥታችሁ በአምስት ክፍል ክፈሉት፦ መግቢያ መንገድ፣ የላይኛው ጠርዝ፣ ወለል፣ የውሃ ዳር፣ የአፈር ክምር። ከዚያ በየ15 ደቂቃው ከግራ ወደ ቀኝ አንድ ጊዜ ቃኝታችሁ በየክፍሉ ስንት ሰው እንዳለ፣ ወንድ ወይስ ሴት፣ ልጅ፣ ወጣት ወይስ አዋቂ፣ ምን እየሠራ እንደሆነ ጻፉ። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፦ ተመልካቹ የሚያስደንቀውን ብቻ ይጽፍና ልብስ አጣቢዋን “የተለመደ ነው” ብሎ ይዘላታል። ማንም ባልነበረበት ጊዜም ዜሮ መጻፍ አለበት፤ ያልተጻፈ ዜሮ ሳይታይ ከታለፈ ሰዓት አይለይም።

“ሰው ካላየን ማንም አልመጣም”

ሌሊት የሚሆነውን ለማየት ሌሊት እዚያ መቀመጥ አያስፈልግም፤ አደገኛም ነው። ዱካው ጠዋት ይነበባል። የገልባጭ የኋላ ጎማ ጥንድ ስለሆነ በየጎኑ ሁለት ሁለት መስመር ይተዋል፤ የግል መኪና አንድ ብቻ። ሌሊቱን የተደፋ አፈር እርጥብና ጠቆር ያለ ነው፣ አብሮት የመጣ ቅጠልም ገና አልጠወለገም። ሁለት ቀን ያለፈው ላዩ ደርቆ ይነጣል።

የድንጋዩን ቀለም እዩ። አዲስ የተፈለጠ ጥቁር ድንጋይ ፊቱ ንጹሕ ግራጫ ነው፤ የቆየው ቡናማ ይዞ ሽበት መሰል ነገር ያበቅላል። ግራጫ ፊት ካለ፣ ሥሩም ሹል ፍርፋሪ ከተከመረ፣ አጠገቡ ደግሞ 10 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሆኑ የተጣሉ ኩቦች ከተገኙ፣ ቆሟል በተባለው ካባ ኮብልስቶን እየተጠረበ ነው። የሰው መንገድ ጠባብና አንድ ነው፤ የከብት መንገድ ተዳፋት ላይ ጎን ለጎን ብዙ መስመር ሆኖ ይታያል። የሳሙና መጠቅለያ፣ ገራባ፣ የከሰል አመድ፣ እያንዳንዱ የት እንደተገኘ በንድፉ ላይ ምልክት ይደረግ። ነጣ ያለ ደረቅ ኩስ ካያችሁ የጅብ ነው፤ የሚበላው አጥንት ያነጣዋል። የጅብ ዋሻ ያለበትን ጥግ ማንም ሰው ጎንበስ ብሎ ሊያጣራው አይሞክር።

“እዚያ የሚውለው ዱርዬና ሌባ ነው”

ከላይ የተዘረዘሩት ተጠቃሚዎች አብዛኞቹ ውሃ፣ ሜዳ ወይም የዕለት ገቢ ፍለጋ የመጡ ናቸው። ሌባ ናቸው በሚል አስተሳሰብ የሚሄድ ሰው አካሄዱ ራሱ ያስታውቃል፤ ካሜራ ይዞ ከሩቅ ያነጣጥራል፣ ሰዎቹም ይበተናሉ፣ የሚቀረው መዝገብ ሐሰት ነው። ለወረዳው አሳውቃችሁ፣ ሁለት ሆናችሁ ሂዱ። በጠርዙ ላይ ከሚገኙት አባወራዎች ጋር ሰላምታ ተለዋውጣችሁ ምን እንደምትሠሩ በግልጽ ንገሯቸው። በአዲስ አበባ ዳርቻ አብዛኛው ነባር ገበሬ አፋን ኦሮሞ ተናጋሪ ስለሆነ ከሁለታችሁ አንዱ ቋንቋውን ቢችል ግማሹ ሥራ ተቃለለ። ፊት አይነሳም፣ ስም አይጻፍም። እዚያ የሚያድር ሰው ያለበት ቦታ ለሌላ ወገን በሚሰጥ ካርታ ላይ መታየት የለበትም፤ የእናንተ ወረቀት የሰውየውን መጠለያ ማፍረሻ ሊሆን ይችላል።

“ውሃው ይስባል”

ልጅ በሰጠመ ቁጥር የሚባለው ይህ ነው፤ ውሃው ስቦ ወሰደው፣ ውሃው በየዓመቱ ሰው ይፈልጋል። ሐዘንተኛን ለማጽናናት ተብሎ ይሆናል፤ ነገር ግን ትክክለኛውን ምክንያት ስለሚሸፍን በቀጣዩ ክረምት ሌላ ልጅ ያስከፍላል።

ካባ ውስጥ ያለ ውሃ የረጋ ነው፣ የሚስብ ነገር የለውም። ልጁን የሚወስደው የወለሉ ቅርጽ ነው። ድንጋይ የሚወጣው ደረጃ በደረጃ ሲሆን አንዱ ደረጃ ብቻ የብዙ ሜትር ቁመት ሊኖረው ይችላል። ውሃ ሲሸፍነው የሚታየው አንድ ልሙጥ ገጽ ነው። ልጁ ከዳር ይገባል፣ እስከ ቁርጭምጭሚቱ፣ እስከ ጉልበቱ፣ ቀጥሎ እግሩ ሲያርፍ ወለል የለም። ጎርፍ ያመጣው ሸክላ አፈር ውሃውን ስላደፈረሰው ጠርዙ አይታይም፤ ያው ሸክላ ድንጋዩን ስለሚያሙለጨልጨው ዞሮ ለመውጣት የሚይዘው ነገር ያጣል። ቅዝቃዜውም አለ። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ፀሐይ የምታሞቀው የላይኛውን ስስ ንብር ነው፤ ከሥሩ በድንገት ሲገባበት ሰውነት ሳያስበው አየር ይስባል፣ ያን ጊዜ አፍ ከውሃ በታች ከሆነ ውሃ ይገባል። የሚሰጥም ሰው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አይጮህም፣ እጁንም አያውለበልብም። አጠገቡ ያሉ ጓደኞቹ እየጠለቀ የሚጫወት ሊመስላቸው ይችላል።

በጣም የሚያሳስበው መስከረም ነው። ዝናቡ ያቆማል፣ ፀሐይ ይወጣል፣ ደለሉ ስለሚረጋ ውሃው ጠርቶ ያማረ ይመስላል፤ ጥልቀቱ ግን የነሐሴው ነው።

ጥልቀቱን ለማወቅ ውሃ ውስጥ መግባት አያስፈልግም። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ውሃው ሲጎድል በግድግዳው ላይ የውሃ ልክ መስመር ይቀራል፤ ከሥሩ ድንጋዩ በደለል ነጥቶ፣ ከላዩ ጠቁሮ ይታያል። ከዚያ መስመር እስከ ወለሉ ያለው ቁመት የክረምቱ ጥልቀት ነው። ደረጃዎቹን ከሩቅ ፎቶ አንሥታችሁ ሰፈር ውስጥ አሳዩ፤ ወላጅ ከማስጠንቀቂያ ጽሑፍ ይልቅ ባዶውን ጉድጓድ ሲያይ ይገባዋል።

“የሰጠመውን ዘሎ ማውጣት ነው”

ዋናተኛ ያልሆነ አዳኝ ሲዘል ሁለት ሰው ይጠፋል፤ የሚሰጥመው ሰው ያገኘውን ሁሉ አንቆ ይይዛል። ክዳኑ ጥብቅ ተደርጎ የተዘጋ ባዶ የ20 ሊትር ጄሪካን ወደ 20 ኪሎ የሚጠጋ ክብደት ተሸክሞ ይንሳፈፋል፤ የሰው ጭንቅላት ከውሃ በላይ እንዲቆይ ከሚያስፈልገው ይበልጣል። ከ15 እስከ 20 ሜትር ገመድ በመያዣው ታስሮ ውሃው ዳር ከሚውሉ ሰዎች ዘንድ ይቀመጥ። ባዶው ጄሪካን ቀላል ስለሆነ ነፋስ ይመልሰዋል፤ አንድ ሁለት ሊትር ውሃ ከተጨመረበት ግን በደንብ ይወረወራል። አዲስ አበባ ውስጥ 939 ይደወላል። የወጣው ሰው የማይተነፍስ ከሆነ ተዘቅዝቆ አይያዝም፣ ሆዱም አይጫንም፤ በጀርባው አስተኝቶ በአፍ ትንፋሽ መስጠት፣ ከዚያ ደረቱን መጫን ነው።

“ግድግዳው ዓመታት ቆሟል፤ ከእንግዲህ አይናድም”

ፈቃዱ ሲያበቃ ደማሚትና ማሽን ይሄዳሉ፣ ዲጂኖና መዶሻ ይቀራሉ። በእጅ የሚሠራ ሰው ከላይ ያለውን ጠንካራ ድንጋይ ማፍረስ ስለማይችል ከሥር ያለውን ልል ንብር ይቦረቡራል። ሬድ አሽ ላይ ደግሞ ዋሻ እየቆፈሩ ወደ ውስጥ ይገባሉ። ከላይ የተንጠለጠለው ከዝናብ በኋላ በድንገት ይወርዳል። ከጠርዙ ጋር ትይዩ የሆነ ስንጥቅ፣ ወደ ጉድጓዱ ያዘነበለ ባሕር ዛፍና ከሥር የተከመረ አዲስ ፍርስራሽ ምልክቶች ናቸው። ተመልካች ከግድግዳው ሥር ቢያንስ የግድግዳውን ቁመት ያህል ይራቅ፤ ከላይ ደግሞ ከስንጥቁ ወዲያ አይለፍ። ባለቀለም ቀጭን ሽቦ የወጣበት አነስተኛ የብረት ቱቦ ከተገኘ ያልፈነዳ ማቀጣጠያ ሊሆን ስለሚችል አይነካም፤ ልጆችን አርቆ 991 ለፖሊስ መደወል ነው።

“የረጋ ውሃ ሁሉ ወባ ያመጣል”

በአዲስ አበባ ከፍታ የካባ ውሃ ዋና ሥጋት ወባ አይደለም። አዳማ ወይም ድሬዳዋ ላይ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ እዚያም ትንኟ በካባ ውስጥ በአብዛኛው የምትራባው በጥልቁ ውሃ ሳይሆን ዳር ላይ ባሉ ፀሐይ በሚያገኛቸው ኩሬዎችና የከብት ኮቴ ባጎደጎዳቸው ቦታዎች ነው።

“በቆሻሻ ቢሞላ እንገላገላለን”

ቆሻሻ ሲበሰብስ ይሰምጣል፣ የሚቀጣጠል ጋዝ ያመነጫል፣ ቁልል ሲሆን ደግሞ ይናዳል። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የቆሼ ቆሻሻ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ሬድ አሽ ወንፊት ነው፤ የተደፋበትን ወደ ከርሰ ምድር ውሃ ያወርዳል፣ አዲስ አበባን ከሚያጠጡት ምንጮች አንዱ የሆነው የአቃቂ ጉድጓዶች ውሃ የሚገኘውም እንዲህ ባለ ድንጋይ ውስጥ ነው። ካባ የሚሞላው በንጹሕ አፈርና ድንጋይ፣ በ30 ሳንቲ ሜትር ገደማ ንብር እየተጠቀጠቀ ነው። ዝም ብሎ የተገለበጠ አፈር ላይ የተሠራ ቤት ጥቂት ክረምት እንዳለፈ ይሰነጠቃል።

“ባለቤት የለውም”

በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬትና የተፈጥሮ ሀብት የመንግሥትና የሕዝብ ነው። የማዕድን ሥራዎች አዋጅ ቁጥር 678/2002ም ባለፈቃዱ አካባቢውን መልሶ የማልማት ግዴታ እንዳለበት ይደነግጋል። ችግሩ ተጠያቂውን ማግኘት ነው፤ ያወጣው የወጣቶች ማኅበር ፈርሶ ሊሆን ይችላል፣ ካባው ደግሞ በአዲስ አበባና በ2015 ዓ.ም. በተመሠረተው ሸገር ከተማ ወሰን ላይ ከሆነ ሁለቱም ወደ ሌላው ይጠቁማሉ። ስለዚህ አቤቱታ ከመጻፋችሁ በፊት የካባውን አራት ማዕዘናት በስልክ ጂፒኤስ መዝግቡ፤ ማን ፈቃድ እንደሰጠ የሚጣራው በዚያ ነው።

“ማጠር ነው መፍትሔው”

ሽቦና ቆርቆሮ ይሰረቃል፤ ካልተሰረቀም አቋራጩ መንገድ ጋ ይቀደዳል። የምልከታው ንድፍ ጥቅሙ እዚህ ላይ ይታያል፦ ሰው የሚያልፍበት የት እንደሆነ ስለሚያሳይ መንገዱ ከጥልቁ ጎን ወደ ሌላው እንዲዞር ይደረጋል። በጥልቁ በኩል እዚያው ካለው ክምር በሎደር የሚገፋ 1.5 ሜትር ከፍታ ያለው የአፈር ግድብ ማንም አይሰርቀውም። በአንድ ጥግ ላይ ለሦስት ሜትር ርዝመት አንድ ሜትር የሚወርድ ተዳፋት ከተስተካከለ ከብትም ይጠጣል፣ የወደቀ ልጅም በእግሩ ይወጣል። መግቢያው ላይ በ1.5 ሜትር ልዩነት የተደረደረ ትልልቅ ቋጥኝ ሰውና ከብት ያሳልፋል፤ ወርዱ 2.5 ሜትር የሚሆነውን ገልባጭ ግን ይመልሳል። ለዚህ ሎደሩ የሚጠየቀው ግንቦት ሳይጋመስ ነው፤ ሰኔ ከገባ መሬቱ ስለሚረጥብ ማሽኑ ወደ ካባው መውረድ አይችልም።